ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ እያሳደጉ ቀኑን መግፋት፦ ጅማ ላላችሁ እናትና አባቶች

ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብ፣ ረግቶ መቀመጥና ራስን መግታት የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፣ የሚያቅተው የሚያውቀውን በሰዓቱ ማድረግ ነው። ጫማህ የት ነው የሚቀመጠው ብትሉት በደንብ ይነግራችኋል፣ ጠዋት ላይ ግን አንድ እግሩን ብቻ አጥልቆ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያባርር ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ምክርና ቁጣ መደጋገም እናንተን ነው የሚጨርሳችሁ፣ እሱ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። ያንን ጉልበት ቤቱን ማደራጀት ላይ አውሉት፣ የራሳችሁን እረፍት ደሞ እንደ አንድ ስራ ቁጠሩት።

ጠዋቱ የሚቀለው ማታ ሲዘጋጅ ነው። ዩኒፎርሙ፣ ካልሲው፣ ቦርሳው፣ ሁሉም ማታውኑ በሩ አጠገብ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፣ ሁሌም እዛው፣ ዛሬ አልጋ ላይ ነገ ሶፋ ላይ ከሆነ አይሰራም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም፣ ስለዚህ ቦት ጫማውና ዣንጥላውም ከበርጩማው ስር ይሁን፣ ጠዋት ጭቃ ላይ ቆሞ ጫማ መፈለግ ለማንም አይሆንም።

ስታዙት ኩሽና ሆናችሁ አትጣሩ። አጠገቡ ሄዳችሁ ትከሻውን ነካ አድርጉትና ቀና ብሎ ሲያያችሁ አንድ ነገር ብቻ በሉት፣ "ካልሲህን አድርግ"፣ በቃ። "ታጠብ፣ ልበስ፣ ቁርስህን በልተህ ና" ካላችሁት መሃል ላይ ይጠፋበታል። ሲያደርገው እዛው በዛው "ጎበዝ፣ ቶሎ አደረግክ" በሉት፣ ለሳምንት መጨረሻ ቃል የተገባ ሽልማት ለእንደዚህ አይነት ልጅ በጣም ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ሆምወርክ፣ ብዙ ቤት የሚጣላው እዚህ ጋ ስለሆነ። ለነዚህ ልጆች "ግማሽ ሰዓት" የሚባል ነገር አይጨበጥም፣ ሰዓቱን በሚያዩት ነገር ማሳየት ያስፈልጋል፣ ጅማ ላይ ደሞ ከሰዓት በኋላ ከቡና የተሻለ ሰዓት የለም። ቡናው ሲቆላ መክሰሱን በልቶ እጁን ይታጠባል፣ ጀበናው ሲጣድ ደብተር ይወጣል፣ አቦሉ እስኪቀዳ ሂሳብ ብቻ ይሰራል፣ ሲቀዳ ተነስቶ እየሮጠ ጎረቤቶቹን ቡና ጠጡ ብሎ ጠርቶ ይመጣል (ይሄ ሩጫ ማባከን አይደለም፣ ሰውነቱ ይፈልገዋል፣ ተመልሶ ሲቀመጥ ራሱ ታዩታላችሁ)፣ ቶናው እስኪደርስ አፋን ኦሮሞ ወይ አማርኛ፣ በረካው ሲቀዳ ቦርሳው ተዘግቶ በርጩማው ላይ መሆን አለበት። ወሬው ሲደራ ሀሳቡ እንዳይወሰድ ጀርባውን ለእንግዶቹ ሰጥቶ ቢቀመጥ ይሻላል። ከሰል ምድጃውን ግን የሱ መተላለፊያ ላይ እንዳታደርጉት፣ ግድግዳ ጥግ ይሁን፣ ሳያስብ ብድግ የሚል ልጅና የፈላ ጀበና አንድ ላይ አይሆኑም፣ ይሄን አደራ። ቡና በማይፈላበት ቀን የስልክ አላርም 15 ደቂቃ ሞልታችሁ፣ ትንሽ አሯሩጣችሁ፣ እንደገና 15።

መንገድ ላይ እድሜውን አትመኑ፣ የክፍል ጓደኞቹ ብቻቸውን ቢሻገሩም እናንተ ባጃጅ በሚበዛበት አስፋልት ላይ እጁን ያዙ።

አስተማሪውን ስታናግሩ ብዙ ነገር አትጠይቁ፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው። "ቲቸር፣ ፊት ወንበር ላይ፣ ከመስኮት ራቅ አርገው ያስቀምጡልኝ፣ ሆምወርክ ሲሰጡ ደብተሩ ላይ መጻፉን አንዴ ይዩልኝ" ማለት ይበቃል።

እናንተስ? እናትና አባት ሁለታችሁም ካላችሁ ልጁ ላይ በአንድ ጊዜ አትውጡበት፣ ተራ ግቡ፣ አንዱ ጠዋቱን ይያዝ ሌላው ማታውን፣ ተራው ያልሆነው ሰው ጣልቃ አይግባ። ብቻችሁን የምታሳድጉ ደሞ እህት ወይ የምታምኗትን ጎረቤት በሳምንት አንድ ቀን ለይታችሁ ለምኑ፣ "ሲመቸኝ" ከተባለ አይመጣም። በዛ ሰዓት ልብስ አትጠቡ፣ ተኙ ወይ ውጡ። ኤዲኤችዲ በዘር የመተላለፍ እድሉ ከፍተኛ ስለሆነ እናንተም ራሳችሁ ነገር የሚጠፋባችሁ፣ ቀጠሮ የምትረሱ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ እንደዛ ከሆነ በርጩማውም አላርሙም ለእናንተም ነው።

"ቆንጠጥ አድርገሽ ብትገርፊው ይስተካከላል" የሚሉ አይጠፉም። መግረፍ አያድነውም፣ አስተዳደጋችሁም አላመጣበትም፣ ስኳርም አላመጣበትም። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አትከራከሩ፣ "በሀኪም ምክር እየሄድን ነው፣ ጸልዩልን፣ ዱዓ አርጉልን" ብላችሁ እለፉ።

ገና ያልታየ ከሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ እዛ ውሰዱት። በደም ምርመራ ወይ በራጅ የሚታወቅ ነገር አይደለም፣ ሀኪሙ ባህሪው ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ያያችሁትን በቀን በቀኑ ደብተር ላይ እየጻፋችሁ ያዙ፣ አስተማሪውም ሁለት መስመር ይጻፍላችሁ። ጆሮውንና አይኑንም አስመርምሩ፣ በደንብ የማይሰማ ልጅም ሀሳቡ የተበተነ ይመስላል። ልጁ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚመከረው መድሃኒት ሳይሆን ወላጆች አያያዙን እንዲሰለጥኑ ነው። መድሃኒት ከታዘዘለት ደሞ እንቅልፉንና ምግቡን እየተከታተላችሁ እዛው ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከሀኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትጨምሩ፣ አታቋርጡ፣ ለሌላ ልጅ የታዘዘውንም አትስጡት።