ታካሚውን መልሰው አልጋ ላይ የሚያስተኙ የኬዝ ማናጀር ስህተቶች

የልብ ድካም ታካሚ ከሆስፒታል በወጣ በወሩ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ ሲመለስ ካርዱ ላይ «መድኃኒት አቋርጧል» ብሎ መጻፍ ይቀናል። ለምን እንዳቋረጠ ማወቅ ግን የኬዝ ማናጀሩ፣ ማለትም የታካሚውን ክትትል የሚያስተባብረው ባለሙያ፣ ሥራ ነው።

ዋናው ስህተት ምክሩን ለማይመለከተው ሰው መስጠት ነው። በመውጫው ዕለት ሒሳብ ለመጨረስ ላይ ታች ለሚለው አስታማሚ ሁሉም ነገር በችኮላ ይነገረዋል። እሱ የጎንደር ነዋሪ የሆነ የወንድም ልጅ ነው፤ ታካሚው ወደ ጭልጋ ወይም ዳባት ይሄዳል። ወጥ የምትሠራው፣ ጨው የምትጨምረው፣ ኪኒን የምታቀርበው ሴት አንዲት ቃል አልሰማችም! ገና በተኛ በማግስቱ «ቤትዎ መድኃኒት የሚሰጥዎ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መምጣት ካልቻለች ታካሚው ሳይወጣ ደውሉላት። «ገባዎት?» የሚለውንም ጥያቄ ተዉት። ሽማግሌው፣ ባለሙያው እንዳይከፋበት፣ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው የሚለው። «እስቲ ይህችን ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዷት ይንገሩኝ» በሉ፤ ከሳቱ እንደገና አስረዱና እንደገና አስነግሩ።

ፉሮሴማይድ (የተጠራቀመ ውኃ የሚያስወጣው ኪኒን) ሽንት ስለሚያመላልስ በመንገድ ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ለቅሶ ሲኖር ይዘለላል። ይህን ሳይጠይቁ መጠኑን መጨመር ትርጉም የለውም። የአውቶቡስ ቀን ከሆነ ሲደርሱ ይዋጥ እንጂ አይቅር። በቀን ሁለቴ ከታዘዘ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይሁን፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን አይውጥም። አስቀድሞ መጠየቅና የንስሐ አባቱን ማነጋገር ይሻላል። ጸበል ሲባል ሁላችንም መድኃኒት ማቆሙን እንፈራለን፤ ፈሳሽ እንዲቀንስ የተነገረው ሰው በብዛት እንደሚጠጣ ግን የሚያነሳው የለም።

«ሲያብጥዎ ይምጡ» ማለት ዘግይቶ መጥራት ነው። ክብደቱ በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ይደውል። ሚዛን ከሌለ ጫማ መጥበቡን፣ ማታ ትራስ መደራረቡን ያስተውል።

ለወገብ ሕመም ከሱቅ የሚገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በስሙ ከልክሉ።

ቀጠሮውን ከወር በኋላ ማድረግም ያው ነው። በ2 ወይም 3 ቀን ስልክ፣ በ7 ቀን ውስጥ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ምርመራው በሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር በታካሚው እጅ ከተላከ። ቀኑ 13 ከሆነ «የሚካኤል ማግስት» በሏቸው፤ ካርዱ ቢጠፋም ቀኑ አይጠፋቸውም።