ስለ አንድ ቅጂ እንዴት እንነጋገር፦ በሁለቱ የጉልድ «ጎልድበርጎች» ምሳሌነት

ክላሲካል ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በድርሰቱ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ነው፤ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ትልቅነት የሚክድ ስለሌለ የሚቀረው ጥያቄ ማን እንዴት ተጫወተው የሚለው ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ አስተያየትዎ ሰሚ እንዲያገኝ ከፈለጉ ከሁሉ አስቀድመው ስለ የትኛው ቅጂ እንደሚናገሩ ለይተው ይግለጹ። እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ከአንድ ወዳጄ ጋር ስለ ግሌን ጉልድ የ«ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» (ባኽ በአንድ መክፈቻ ክፍል ላይ ተመሥርቶ የጻፋቸው፣ «ቫሪየሽን» የሚባሉ ልዩ ልዩ ክፍሎች ስብስብ) አጨዋወት ስንከራከር እሱ «ይከንፋል» ሲል እኔ «ኧረ እየተጠነቀቀ ነው የሚራመደው» እያልኩ ከቆየን በኋላ፣ እሱ የ1955ቱን እኔ ደግሞ የ1981ዱን ይዘን እንደምንሟገት የገባን በረካው ሲቀርብ ነበር።

ካናዳዊው ፒያኒስት ይህን ሥራ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ የመጀመሪያውን በ22 ዓመቱ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ1982 ከማረፉ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ላይ በ1959 ሳልዝበርግ በኮንሰርት መድረክ የተቀዳ አለ። ስለዚህ «የጉልድ ጎልድበርግ» ማለት ብቻ አይበቃም። በስልክ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ዓመትም ብዙ ጊዜ ቅጂው እንደገና የታተመበት እንጂ የተቀረጸበት ስላልሆነ ሳያጣሩ አይጥቀሱት።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የርዝመት ጉዳይ ይመጣል። የ1955ቱ ቅጂ 38 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን የ1981ዱ 51 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህን ያየ ሰው ሁለተኛው እጅግ ቀርፋፋ ነው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ባኽ የእያንዳንዱን ክፍል ሁለት አጋማሾች ደጋግሞ መጫወት እንደሚገባ በኖታው ላይ ምልክት አድርጓል፤ ጉልድ በወጣትነቱ ድግግሞሹን ትቶት ሲያልፍ በኋለኛው ቅጂ ግን በአንዳንድ ክፍሎች የመጀመሪያውን አጋማሽ ደግሞታል። ከልዩነቱ ከፊሉ እንግዲህ የፍጥነት ሳይሆን የድግግሞሽ ነው። ፍጥነትን በእውነት ለማነጻጸር በሁለቱም ያለ ድግግሞሽ የተጫወተውን የመክፈቻውን ክፍል፣ አሪያ የሚባለውን፣ ይውሰዱ፦ በ1955 ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ በ1981 ግን ከሦስት ደቂቃ ያልፋል።

አብራችሁ ስታዳምጡ ሙሉውን ከማስኬድ ይልቅ አንዲት ደቂቃ መርጣችሁ ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሙ፤ ጆሮ የትናንቱን ቃና ቶሎ ይረሳልና። የድምፁንም ከፍታ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ጥቂት ጮኽ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል። የመጀመሪያው በሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ) የተቀዳ መሆኑም አይረሳ፤ ድምፁ ጠበበኝ የሚል ሰው ስለ ማይክሮፎኑ እንጂ ስለ ፒያኒስቱ ጣቶች አልተናገረም። ጉልድ እየተጫወተ የሚያንጎራጉረውን ነገር በተመለከተም እንደዚሁ ነው። ቢረብሽዎ ይረብሸኛል ይበሉ፣ ነውር የለውም (እኔን ማታ ማታ ይረብሸኛል)፣ ነገር ግን ስለ አጨዋወቱ ከሚሰጡት ፍርድ ጋር አያደባልቁት።

«ነፍስ አለው» ወይም «ደረቅ ነው» የሚሉ ቃላት የሚከለከሉ ባይሆኑም ብቻቸውን ሲቀሩ መልስ የማይገኝላቸው ናቸው። ወዳጅዎ እንዲህ ሲልዎ «የቱ ጋ?» ብለው ይጠይቁት፤ ጥያቄው ለሙግት ሳይሆን እርስዎም እዚያው ቦታ ሄደው እንዲሰሙ ነው። እኔና ወዳጄ በሚቀጥለው እሑድ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። እሱ ጉልድ በዕድሜው ሁሉን ነገር አዘገየው የሚል አቋም ስለነበረው፣ በሐዘኑ ወደሚታወቀው ወደ 25ኛው ቫሪየሽን ሄደን ሰዓት ይዘን አዳመጥን። የወጣቱ ጉልድ ከስድስት ደቂቃ ተኩል በሁለት ሰከንድ ብቻ ያነሰ ሲሆን የ1981ዱ ስድስት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ ሆነ። ወዳጄ «ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩለት።