ደብረ ብርሃን ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ አንኮበር ውጡ

ለሥራ መጥታችሁ ሆቴል ውስጥ አትቀመጡ። የሸዋ ነገሥታት የድሮ መቀመጫ የነበረው አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ከመናኸሪያ መኪና ያዙ። ስትወርዱ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ረዳቱን ጠይቁት፤ ይቺን እንዳትረሷት። ጋቢም ያዙ፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ዳገት ቀስ እያላችሁ ውጡ። አስጎብኚ የግድ አይደለም፣ መንገዱን እረኛም ያሳያችኋል። አናት ላይ ያለው ትልቅ ቤት በኋላ የተሠራ ሎጅ ነው። እሱን ፎቶ አንስታችሁ «የምኒልክ ቤት» እንዳትሉ! የድሮው ግቢ ትራፊ በድንጋይና በኖራ የተገነባው የግንብ ቁራጭ ነው። እዚያ ጊዜ ውሰዱ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዙሩ፤ ጉም ከሌለ የአፋር ቆላ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቷል። የሸዋ ነገሥታት ይህን አምባ ለምን እንደመረጡ ያኔ ይገባችኋል፤ ከቆላ የሚወጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል።