ለሙቀት ምላሽ በሚሰጥ ፖሊመር ኦርጋኒክ በካዮችን ከውሃ የመለየት ዘዴ

ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ የሚፈሰው ቦርከና የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚደርሰው፣ በወሎ ለሚገኝ የኬሚስትሪ ተማሪ የውሃ ብክለት ሩቅ ርዕስ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው እንደ ቢስፌኖል ኤ (ፕላስቲክ ለመሥራት የሚያገለግል ኬሚካል) ያሉ ከውሃ ጋር እምብዛም የማይስማሙ ኦርጋኒክ በካዮችን የመለየት የቤተ ሙከራ ሥራ እንጂ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አይደለም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ፖሊ-ኤን-አይሶፕሮፒልአክሪላማይድ፣ በአጭሩ ፒኒፓም፣ የተባለው ፖሊመር፣ ማለትም ከብዙ ተመሳሳይ ሞለኪውሎች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት፣ ነው። ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሰንሰለቶቹ ውሃ ይዘው ይሟሟሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሞቁ ግን ውሃውን ለቀው ይኮማተራሉ፣ እርስ በርሳቸውም ሲጣበቁ ውሃ የሚሸሹ ሞለኪውሎችን በመካከላቸው ይይዛሉ። ሰንሰለቱ የሚሠራበት ነጠላ ሞለኪውል (ሞኖመሩ) መርዛማ በመሆኑ ፖሊመሩን ራስ ከመሥራት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

0.1 ግራም ፒኒፓም በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ዲስቲልድ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይነስንሱና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። የደሴ ብርድ ለዚህ ሥራ ያግዛል፤ ወደ ሚሌ ቆላ ሲወረድ ግን የቀትሩ ሙቀት ብቻውን ፖሊመሩ እንዳይሟሟ ሊያደርግ ይችላል።

መጠኑ የታወቀ የቢስፌኖል ኤ ሙሙት አዘጋጅተው ከፖሊመሩ ሙሙት ጋር እኩል በእኩል፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ሳሉ፣ ይቀላቅሉ። ለማነጻጸሪያ በፖሊመሩ ፋንታ ንጹሕ ውሃ የተጨመረበት ሌላ ብልቃጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በመቅጠን የቀነሰው መጠን በፖሊመሩ የተያዘ ሊመስል ይችላል። ሁለቱንም በሞቀ ውሃ ማሰሮ ውስጥ ወደ 45 ዲግሪ ያድርሱ። ፖሊመር ያለበት ብልቃጥ 32 ዲግሪን ሲሻገር እንደ አጓት ይደፈርሳል። ድፍርሱ ሳይረጋ ከቆየ ጥቂት የገበታ ጨው ይጨምሩ፤ ጨው ፖሊመሩ ከውሃው የሚለይበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፣ ቅንጣቶቹም እንዲሰባሰቡ ይረዳል። ጨው ከጨመሩ በማነጻጸሪያውም ላይ ያንኑ ያህል ያድርጉ።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በማጥለያው ሰዓት ነው። ቅዝቃዛ ፈንልና ቅዝቃዛ ብልቃጥ ከተጠቀሙ ፈሳሹ በመንገድ ላይ ከ32 ዲግሪ በታች ይወርድና የያዘው በካይ ከፖሊመሩ ጋር ተመልሶ ሟሙቶ በወረቀቱ ያልፋል። ስለዚህ ፈንሉን፣ ወረቀቱንና መቀበያውን አስቀድመው ያሙቁ፤ የሚሞቅ ሴንትሪፉጅ ካለ እርሱ ይመረጣል። የጠለለውንና የማነጻጸሪያውን ፈሳሽ ፈሳሽ የሚመጠውን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ በ276 ናኖሜትር ገደማ ይለኩ፤ ልዩነቱን ለማነጻጸሪያው አካፍለው በ100 ሲያባዙ የተወገደው በመቶኛ ይገኛል።

የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ሞቃትና ጨዋማ ሊሆን ስለሚችል ለዚህ ዘዴ የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን በውሃ በቀላሉ የሚሟሙ ሰልፎኔት የተባለ አሉታዊ ቻርጅ ያለው ክፍል ያላቸውን ቀለሞች ተራ ፒኒፓም አጥብቆ አይዝም። ለእነርሱ አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ሞኖመር የተቀየጠበት ፖሊመር ያስፈልጋል።

በወረቀቱ ላይ የቀረው ዝቃጭ የተሰባሰበ እንጂ የጠፋ በካይ አይደለም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠብ ይለቀዋል። ወደ ገንዳ ሳይደፉ፣ ክዳን ባለውና ይዘቱ በተጻፈበት ጠርሙስ ከአደገኛ የኬሚካል ቆሻሻ ጋር ያኑሩት።