የስልክ ጆይስቲክ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ስክሪን ላይ የሚሳለው ጆይስቲክ የተሠራው ለጣት ነው። አውራ ጣት ያርፍበታል፣ ሳይነሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ይነሳል። መተግበሪያው ከዚህ ውጪ የሚያውቀው ነገር የለም። ኮምፒውተር ላይ ግን ያለው ማውስና ኪቦርድ ነው። መሀል ላይ የተቀመጠው ኢሙሌተር፣ ማለትም የስልክ መተግበሪያን ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የኪቦርዱን ምት እንደ ጣት አድርጎ ለመተግበሪያው ያቀርባል። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ኢሙሌተሩን አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት፣ ያ የውሸት ጣት የት ላይ እንደጠፋ ፈልጉ።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ዊንዶውስ ላይ እንደ ብሉስታክስ፣ ኤልዲፕሌየር ወይም ኖክስ ያለ ኢሙሌተር ለሚጠቀሙ ነው። የሜኑዎቹ ስም ይለያያል፣ አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው። የማይክሮሶፍት የራሱ የአንድሮይድ ማሠሪያ በሆነው በዊንዶውስ ሰብሲስተም ፎር አንድሮይድ ጫኑ የሚል የቆየ መመሪያ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2025 ድጋፉን አቁሟል።

ኢሙሌተሩ አይከፈትም፣ ወይም ተከፍቶ ይንቀራፈፋል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዲያሠራ የሚያስችለው ችሎታ፣ መዘጋቱ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በሉ። ከታች ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው ጎን ኢነብልድ የሚል ካለ ችግሩ ሌላ ነው። ዲስኤብልድ ካለ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገኘው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ፣ ባዮስ፣ ውስጥ ግቡ። የመግቢያው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ዲሊት፣ ኤፍ2 እና ኤፍ10 የተለመዱ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ ወይም ኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም ሞድ የሚለውን አብሩ። ሌላውን አትነካኩ።

ቨርቹዋላይዜሽኑ በርቶም ካስቸገረ ሃይፐር-ቪን ጠርጥሩ። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ክፍል ነው። ሲበራ የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን ቀድሞ ይይዘውና ኢሙሌተሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙ ሰው ሃይፐር-ቪን አጥፉ ብሎ ይመክራል። እኔ ግን ከሃይፐር-ቪ ጋር የሚሠራ የኢሙሌተር ስሪት መፈለግን እመርጣለሁ፤ ዶከርን የመሰሉ ፕሮግራሞችና አንዳንድ የዊንዶውስ ደህንነት መከላከያዎች በዚያው ላይ የቆሙ ናቸውና።

ስክሪኑ ጥቁር ብቻ ከሆነ ደግሞ ኢሙሌተሩ ሴቲንግ ውስጥ የግራፊክስ ምርጫውን ቀይሩ። ኦፕንጂኤል ላይ ከሆነ ወደ ዳይሬክትኤክስ ወይም ቩልካን፣ ካልሆነም በተቃራኒው። የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨርም አድሱ።

ጌሙ ተከፍቷል፣ ጆይስቲኩ ግን ንቅንቅ አይልም

መጀመሪያ በማውስ ሞክሩት። ጆይስቲኩ መሀል ላይ ግራውን ቁልፍ ተጫኑና ሳትለቁ ወደ ላይ ጎትቱ። ገጸ ባሕሪው ከተንቀሳቀሰ መተግበሪያው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ኪቦርዱ ዘንድ ነው። በማውስም ካልተንቀሳቀሰ ኪቦርዱን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ያኔ መተግበሪያውን ዝጉና ክፈቱ፣ አዲስ ስሪት ካለው አድሱት፣ እምቢ ካለም ኢሙሌተሩ ላይ ሌላ የአንድሮይድ ስሪት ሞክሩ። ይህች ሙከራ አፍታ አትፈጅም። ሰው ግን ይዘላትና ግማሽ ቀኑን ሴቲንግ ሲያገላብጥ ይውላል።

ጥፋቱ ኪቦርዱ ዘንድ ከሆነ ኢሙሌተሩ ላይ ኪ-ማፒንግ የሚባለውን፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን የስክሪን ቦታ እንደሚነካ የሚወሰንበትን ክፍል ክፈቱ። ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ የሚሉት ፊደሎች የተጻፉበት ክብ ታያላችሁ። የውሸቱ ጣት የሚያርፈው የዚያ ክብ መሀል ላይ ነው። አሁን የጌሙን ጆይስቲክ ልብ ብላችሁ እዩት። ቦታው ቋሚ ከሆነ የሁለቱ መሀል በትክክል መገጣጠም አለበት፤ ትንሽ ከሳተ ጣቱ ባዶ ቦታ ይነካል። አንዳንዱ ጆይስቲክ ግን ቋሚ ቦታ የለውም፣ ጣት ባረፈበት ይፈጠራል። ለእንዲህ ያለው ክቡን ከስክሪኑ ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጣቱ ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚንሸራተትበት ቦታ እንዲያገኝ።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ ካቆመ የስክሪኑን መጠን ወይም አቀማመጥ ቀይራችሁ ይሆናል። ከ16፡9 ወደ ሌላ ቅርጽ ሲኬድ ጌሙ ቁልፎቹን ያሸጋሽጋል፣ ኪ-ማፒንጉ ግን እዛው እንደቆመ ነው። ጌሙ ራሱን ሲያድስም እንዲሁ ያደርጋል።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ እንደተቀየረ ከቀረ፣ የአማርኛ መጻፊያው ምቱን ፊደል ሊሠራበት ሊይዘው ይችላል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ ተጭናችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ጌሙ ውስጥ የቻት ሳጥን ተከፍቶ ከሆነም ፊደሎቹ ሁሉ ወደዚያ ይፈሳሉ።

ይራመዳል እንጂ አይሮጥም

ይህ የክቡ መጠን ጉዳይ ነው። ብዙ ጆይስቲኮች ፍጥነትን የሚወስኑት ጣቱ ከመሀል ምን ያህል እንደራቀ አይተው ነው። የኪ-ማፒንጉ ክብ ከጌሙ ጆይስቲክ ካነሰ ጣቱ ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል፣ ገጸ ባሕሪውም ቀስ ብሎ ይሄዳል። በጣም ካነሰማ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ መሀል አካባቢ ያለች ትንሽ ቦታ ሆን ተብሎ እንቅስቃሴን እንዳትቀበል ተደርጋ ስለምትሠራ ነው። ክቡን ቀስ በቀስ አስፉት። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ አንዳንድ ጌሞች ወደ ላይ ረጅም መጎተትን ያለማቋረጥ ሩጥ የሚል ትእዛዝ አድርገው ይወስዱታል። ገጸ ባሕሪው ቁልፉን ከለቀቃችሁም በኋላ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

እየሮጥኩ መተኮስ አልቻልኩም

በማውስ ብቻ ከሆነ የምትጫወቱት አትችሉም። ማውስ አንድ ጣት ነው። አንዱን ቦታ ይዞ ሌላውን መንካት አይሆንለትም። ጆይስቲኩን ለኪቦርዱ ስጡት፣ ሌሎቹን ቁልፎች ደግሞ ለማውሱ ወይም ለስፔስ።

በኪቦርድም ሆኖ ሁለት የአቅጣጫ ቁልፎች ይዛችሁ በሰያፍ እየሮጣችሁ ስትዘሉ ብቻ ዝላዩ እምቢ የሚል ከሆነ ኪቦርዱን እዩት። ርካሽ ኪቦርዶች የተወሰኑ ቁልፎችን ሦስት ሦስት ሆነው ሲጫኑ አንዱን ይውጡታል። ለማረጋገጥ ኖትፓድ ክፈቱ፣ ሁለቱን የአቅጣጫ ፊደሎች ይዛችሁ ስፔስን ተጫኑ። ክፍተት ካልመጣ ጥፋቱ የኢሙሌተሩ አይደለም። ዝላዩን ወደ ሌላ ቁልፍ ወይም ወደ ማውሱ አዛውሩት፤ አዲስ ኪቦርድ መግዛት አያስፈልግም።

ቁልፉን ለቅቄያለሁ፣ እሱ ግን መሄዱን አላቆመም

ቁልፍ ይዛችሁ ሳለ ወደ ሌላ መስኮት ከተሻገራችሁ፣ ወይም ማስታወቂያ ብቅ ብሎ መስኮቱን ከነጠቃችሁ፣ ጣቱ ተነስቷል የሚለው መልእክት ኢሙሌተሩ ዘንድ አይደርስም። ጣቱ ተጣብቆ ይቀራል። ያንኑ ቁልፍ አንዴ ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ይላቀቃል። ሺፍትን ለሩጫ የመደባችሁ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ስቲኪ ኪይስ የሚባለውን የኪቦርድ አጋዥ አጥፉ። ሺፍት በተከታታይ 5 ጊዜ ሲመታ ዊንዶውስ ያንን የጥያቄ ሳጥን ፊታችሁ ላይ ይደቅነዋል፣ እሱም የሚመጣው ሁልጊዜ በማይሆን ሰዓት ነው።

ይዘገያል

በሴኮንድ 60 ምስል ሲሳል በአንዱና በሚቀጥለው መሀል 17 ሚሊሴኮንድ ገደማ አለ። 30 ከሆነ ወደ 33 ይጠጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ኢሙሌተሩ 30 ላይ ተገድቦ እንደሆነ እዩ። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውስ ኢሙሌተሩን ለደካማው ሰጥቶት ይሆናል፤ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብላችሁ ኃይለኛውን ምረጡለት። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት። ያለውን ራምና ኮር ሁሉ ለኢሙሌተሩ መስጠት ግን አይጠቅምም፣ ዊንዶውስ ራሱ ሲያጥረው ሁሉም ነገር አብሮ ይንገጫገጫል።

ሮቦቱን ወይም መኪናውን አያገኘውም

ጆይስቲኩ ለጌም ሳይሆን ዕቃ ለመቆጣጠር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ጣቱ ደህና ነው፤ የሚጠፋው መንገዱ ነው። ኢሙሌተር በአብዛኛው የሚኖረው ከኮምፒውተሩ ጀርባ በተከለለ የራሱ ኔትወርክ ውስጥ ነው። ወደ ውጭ መልእክት መላክ ይችላል። ማን አለ ብሎ በኔትወርኩ ላይ ሲጣራ ግን ድምፁ ከዚያ አጥር አያልፍም። መተግበሪያው ዕቃውን በራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። የአይፒ አድራሻ በእጅ የሚጻፍበት ቦታ ካለው ጻፉለት። ለምሳሌ ኢኤስፒ32 የሚባለው ዋይፋይ ያለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ የራሱን ዋይፋይ ሲከፍት የተለመደው አድራሻው 192.168.4.1 ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ዋይፋይ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ኢሙሌተሩ ብሪጅ የሚባል፣ ከአጥሩ አውጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ የሚያስገባው ምርጫ ካለውም ሞክሩት።

የምታገኙት ፕሮግራም ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ 127.0.0.1 ብላችሁ አትጻፉ፤ ኢሙሌተሩ ውስጥ ያ አድራሻ ኢሙሌተሩን ራሱን ነው የሚያመለክተው። በአንድሮይድ ስቱዲዮ ኢሙሌተር ኮምፒውተሩ የሚገኘው በ10.0.2.2 ነው። አሁንም ካልተገናኘ ፋየርዎሉን እዩ።

ስትሞክሩ የሮቦቱን ጎማዎች ከመሬት አንሱ። ቅድም ያልነው የተጣበቀ ጣት ጌም ላይ ያናድዳል፣ ሞተር ላይ ሲሆን ግን ግድግዳ ያስመታል።

በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤችሲ-05 የሚባል የብሉቱዝ ሞጁል የተገጠመለት፣ ከኢሙሌተር ጋር አትታገሉ። አብዛኞቹ የኮምፒውተሩን ብሉቱዝ ለመተግበሪያው አያደርሱም። መተግበሪያውን እውነተኛ ስልክ ላይ ክፈቱና ስክሪኑን ወደ ኮምፒውተር አምጡት። ለዚህ ኤስ፣ ሲ፣ አር፣ ሲ፣ ፒ፣ ዋይ በሚሉ ፊደሎች የሚጻፈው ነፃ ፕሮግራም ጥሩ ነው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ስትነኩ የዴቨሎፐር ሜኑ ይከፈታል፣ እዚያ ኮምፒውተሩ በኬብል ስልኩን እንዲያዝ የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ። ምስሉ መጥቶ ማውሱ ካልሠራ፣ በተለይ ሻዎሚ ስልኮች ላይ፣ ከሥሩ ሴኩሪቲ ሴቲንግስ የሚል ሁለተኛ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ፈቃድ አለ፤ እሱንም አብርታችሁ ስልኩን ሪስታርት አድርጉ። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ስልኩን ካላየው ኬብሉን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ዳታ አያሳልፍም።