የአራሚድ ክር የመበጠስ ጥንካሬ እንዴት ይለካል?

አራሚድን የመሰለ ብርቱ ሰው ሠራሽ ክር ሲፈተን የተሳሳተ ቁጥር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ከክሩ አያያዝ ነው።

ናሙናው አስቀድሞ አየሩን ይልመድ። መደበኛው የፍተሻ አየር 20 ዲግሪ ሴልሺየስና 65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነው። አራሚድ እርጥበት ስለሚስብ፣ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ሰፈርም ሆነ አራት ኪሎ፣ አየሩን በማይቆጣጠር ክፍል ውስጥ አንዱ በጥር፣ ሌላው በነሐሴ የተለኩ ሁለት ናሙናዎችን እንዲሁ ማወዳደር አይገባም። ቱባውም በመስኮት ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ክሩን ያደክመዋል።

ውፍረቱ የሚታወቀው በክብደት ነው። 10 ሜትር ተቆርጦ ወርቅ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት፣ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዘንና በ100 ይባዛል። 1.67 ግራም ቢመዝን ክሩ 167 ቴክስ ነው፤ ይኸውም የ1000 ሜትሩ ክብደት በግራም ማለት ነው።

ክሩ ሳይከር ከተሳበ የላሉት ቃጫዎች ገና ሳይወጠሩ የተወጠሩት ይበጠሳሉ። በዚህ ውፍረት በሜትር 80 ዙር ገደማ ማክረር ሸክሙን ያካፍላቸዋል፤ ከልክ ካለፈ ግን ቃጫዎቹ ስለሚያጋድሉ ጥንካሬው መልሶ ይቀንሳል።

ዋናው ጣጣ ክሩን የሚይዘው የማሽኑ መንጋጋ ላይ ነው። አራሚድ በርዝመቱ ሲሳብ እጅግ ብርቱ ቢሆንም ከጎን ሲጨመቅ ደካማ በመሆኑ፣ ጠፍጣፋ መንጋጋ ያለጊዜው ይቆርጠዋል፤ ቋጠሮም እንዲሁ ያዳክመዋል። ስለዚህ ክሩ በልሙጥ ክብ ብረት ላይ ተጠምጥሞ፣ ውጥረቱ በሰበቃ ቀስ በቀስ ከቀነሰ በኋላ ጫፉ ይያዛል። እንደ ዳይኒማ ያሉት የፖሊኤትሊን ክሮች አንሸራታች ስለሆኑ ተጨማሪ ጥምጥም ይፈልጋሉ። ክሩ ከብረቱ በሚለይበት ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ቢደረግ፣ የምልክቱ መሸሽ መንሸራተቱን ያሳብቃል።

መነጽር ተደርጎ፣ ለሁሉም ናሙና በአንድ ፍጥነት ይሳባል። ከተበጠሰ በኋላ ከቁጥሩ በፊት ጫፉ ይታይ፦ በመካከል ተበጥሶ እንደ ጭራ ከተበተነ ውጤቱ ይመዘገባል፤ መንጋጋው አፍ ላይ ከተቆረጠ፣ ቁጥሩ ቢያምርም፣ ይጣላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ክሩ የተበጠሰበት ኃይል 340 ኒውተን ቢሆን፣ ለ167 ቴክስ ሲካፈል 2.04 ኒውተን በቴክስ ይሆናል፤ ይህ በአራሚድ ጥግግት፣ በ1.44 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር፣ ሲባዛ 2.9 ጊጋፓስካል ገደማ ይሰጣል። መለጠጡን ግን ከማሽኑ እንቅስቃሴ ማንበብ አያስተማምንም፤ ብረቱ ላይ የተጠመጠመውም ክር አብሮ ስለሚለጠጥ፣ የመለጠጥ መለኪያው በቀጥታ ነጻው ክር ላይ መታሰር አለበት።