ራሙ ላይ 3600 ተጽፏል፣ ኮምፒውተሩ ግን 2133 ይላል፦ በትንሽና ርካሽ ማዘርቦርድ ላይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ሆኖ ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ የሚገጥም ሰው ማዘርቦርዱን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጣው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያልሆነ ቦርድ መጥቶ ሲመለስ የሚወጣው የመላኪያ ገንዘብ፣ ርካሹን በመግዛት የተረፈውን ብር ይበላዋል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ከግዢ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከግዢ በፊትም አንብቧቸው።

ምልክት፦ ራሙ ባለ 3200 ወይም ባለ 3600 ነው፤ ታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ሁኔታ የሚያሳየው የዊንዶውስ ገጽ) ግን 2133፣ 2400 ወይም 2666 ያሳያል

መጀመሪያ ራሙን አትጠርጥሩ። ዲዲአር4 ራም ሲነሳ የሚይዘው መደበኛ ፍጥነት አለው። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ስትፈቅዱለት ነው። ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡ፣ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደው ቅንብር) የሚለውን አብሩ፣ በኤፍ10 ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። በአሱስ የኤኤምዲ ቦርዶች ላይ ዲኦሲፒ በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ ለኤኤምዲ በተዘጋጀ ዲዲአር5 ራም ላይ ደግሞ ኤክስፖ ይባላል።

ሲፒዩ ዜድ በሚባለው ፕሮግራም አይታችሁ 1600 የሚል ካገኛችሁ አትደንግጡ። እሱ የሚያሳየው ግማሹን ነው፤ 1600 ማለት ያው 3200 ነው።

ኤክስኤምፒ ካበራችሁ በኋላም ቁጥሩ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ወይም ምርጫው ጭራሽ ከሌለ፣ ምክንያቱ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ቦርዱ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የሚወስነው ቺፕ፣ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሯችሁም ይህንኑ ነው። በኢንቴል በኩል በኤች የሚጀምሩት ርካሾቹ ቺፕሴቶች፣ ማለትም ኤች410፣ ኤች510 እና ኤች610፣ ራምን ከፕሮሰሰሩ መደበኛ ጣሪያ በላይ አያስኬዱም። ኤች510 ላይ 10ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ከተቀመጠ ጣሪያው 2666 ነው፤ እዚያው ቦርድ ላይ 11ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ሲገባ 3200 ይደርሳል። ኤች610 በዲዲአር4 3200 ላይ ይቆማል። እዚህ ቦርድ ላይ ባለ 3600 ራም ገዝቶ መሰካት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢ460 በቢ ቢጀምርም ያው እንደ ኤች410 የታሰረ ነው። የራም ፍጥነት የተፈታው ከቢ560 ጀምሮ ሲሆን፣ ቢ660 እና ቢ760 ይከተላሉ።

በኤኤምዲ በኩል ነገሩ ይቀላል። ኤ520 የሚባለው ቺፕሴት ፕሮሰሰርን ከልክ በላይ ማስኬድ ቢከለክልም ራም ላይ አይከለክልም። «ኤ520 ርካሽ ስለሆነ ፈጣን ራም አይችልም» የሚለው ወሬ የመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

መፍትሄው እንግዲህ ባላችሁ ዕቃ ይወሰናል። ኤች610 ካላችሁ ባለ 3200 ራም በቂያችሁ ነው፤ ለባለ 3600 ራም ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ኤች510 ከ10ኛ ትውልድ ጋር ካላችሁ፣ ፕሮሰሰሩን ከመቀየርና ቦርዱን በቢ560 ከመቀየር የቱ እንደሚረክስ ጠይቁ። ገና ልትገዙ ከሆነ የእኛ ምርጫ ማይክሮ ኤቲኤክስ (አነስ ያለ የቦርድ መጠን) ኤ520 ከራይዘን 5 5600 ወይም 5600ጂ ጋር፣ ባለ 8 ጊጋ ባለ 3200 ራም ሁለት ፍሬ ነው። በዚህ ፕሮሰሰር ከ3600 በላይ ያለው ራም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የፕሮሰሰሩ የውስጥ መስመር ከራሙ ጋር እኩል መሄድ ሲያቅተው መዘግየቱ ስለሚጨምር ጭራሽ ሊቀንስም ይችላል።

ምልክት፦ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ጌም ወይም ቪዲዮ ማቀነባበር ግን ይጎትታል

ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን፣ ለምሳሌ 5600ጂ፣ ለምስሉም የሚበደረው ከራሙ ነው። አንድ ፍሬ ባለ 3200 ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያቀብላል፤ ሁለት ፍሬ በሁለት መስመር ሲሆን 51.2። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው። ቦርዱ አራት ስሎት ካለው፣ ሁለቱን ራሞች ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ሰኩ። ጎን ለጎን የተሰኩ ራሞች ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ብቻ ይሄዳሉ።

ሁለት ስሎት ብቻ ያለውን ትንሽ ቦርድ የሚንቁ አሉ። ለፍጥነት ግን ሁለት ስሎት ድክመት አይደለም፤ መስመሩ አጭር ነው፣ ባዶ ስሎትም ሲግናሉን አያውክም።

ምልክት፦ ኤክስኤምፒ በርቶ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ወይም ማሽኑ እየተነሳ ይጠፋል

ቦርዱ አልሞተም። ብዙ ቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ራሳቸው ወደ መደበኛው ፍጥነት ይመለሳሉ፤ ትንሽ ጠብቁ። ካልተመለሰ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፍስሱ፣ ሳንቲም የምትመስለውን ሲአር2032 ባትሪ አውጥታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ቆዩና መልሱ። ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። አሮጌ ቦርድ ከሆነ በዚያው አዲስ ባትሪ አድርጉለት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ኤክስኤምፒው የሚጠፋበት ማሽን ባትሪው ደክሟል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት በአንድ ፍሬ ራም ጀምሩ። ባለ 3600ውን በእጅ ወደ 3466፣ ከዚያ ወደ 3200 አውርዱ፤ ቮልቴጁ ኤክስኤምፒው በሚጠይቀው ልክ፣ ብዙ ጊዜ 1.35፣ መሆኑን እዩ። የተለያየ ኩባንያ ራም ቀላቅላችሁ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። በ12ኛ ትውልድ ኢንቴል መጨረሻቸው ላይ ኬ የሌላቸው ፕሮሰሰሮች ለራም መቆጣጠሪያው የሚሄደው ቮልቴጅ ስለተቆለፈ፣ ቢ660 ላይ እንኳ 3600ን በጊር 1 (መቆጣጠሪያው ከራሙ ጋር እኩል በሚሄድበት አሠራር) መሸከም ሊያቅታቸው ይችላል። ለእነሱም ባለ 3200 ሲኤል16 (የመዘግየት ቁጥሩ 16 የሆነ) ራም ግዙ።

ምልክት፦ አዲስ ተገጥሞ ጭራሽ አይነሳም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

ራሙን አውጡና መልሳችሁ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫኑ። እዚህ ላይ የትንንሽ ቦርዶች ጠባይ አለ፦ ማይክሮ ኤቲኤክስ ሙሉው 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ርካሾቹ ግን ስፋታቸው ከ20 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ አሉ። በራሙ በኩል ብሎን የሚይዛቸው ቀዳዳ ስለሌለ ስትጫኑ ይለምጣሉ፤ ራሙም በአንድ ጎን ሳይገባ ይቀራል። ቦርዱን ኬዝ ውስጥ ከማሰራችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑ ላይ አስቀምጣችሁ ራሙን ሰኩ። ደሴ በብርዱ ወራት አየሩ ደረቅ ነው፤ ሹራብ ለብሳችሁ ከሆነ ቀድማችሁ የኬዙን ብረት ንኩ።

አልገባ ያለውን ራም በጉልበት አታስገቡ። ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም 288 ጥርስ አላቸው፣ ቁርጡ ግን ቦታው ይለያያል። ኤች610 እና ቢ660 በሁለቱም ዓይነት ይሠራሉና የቦርዱ ስም ላይ ዲ4 ወይም ዲዲአር4 የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ዲዲአር5 በተገጠመበት አዲስ የኤኤምዲ ቦርድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መነሳት ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ራሙን እየተለማመደው ነውና አታጥፉት።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ ባዮስ ነው። ቀደም ብሎ የተመረተ ኤ520 ወይም ቢ550 የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮችን ካልታደሰ አያውቃቸውም። በሌላ በኩል ራይዘን 3 3200ጂ እና ራይዘን 5 3400ጂ ስማቸው 3000 ቢልም ኤ520 እና ቢ550 አይቀበሏቸውም፤ የእነሱ ቦታ ቢ450 ነው። ባዮስ ስታድሱ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፣ ማሽኑን ከዩፒኤስ ጋር አገናኙ። እድሳት መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል፤ የኛ መብራት ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

ምልክት፦ ጠዋት ደህና የነበረ ማሽን ከሰዓት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋን የሚያነሳው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፣ ግን ትሞቃለች። ጠባብ ኬዝ ውስጥ የኋላ ፋን አንድ ጨምሩ። ከዚያ ሜምቴስት86ን (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) ፍላሽ ላይ ጭናችሁ አራት ዙር አስኪዱ። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አውርዱና ድገሙት፤ በመደበኛው ፍጥነትም ከተሳሳተ ራሞቹን አንድ በአንድ እየለያችሁ ሞክሩ፤ ስህተቱን የሚከተለው ፍሬ ይቀየር።

ስልክ ደውላችሁ ስታዝዙ

«ፈጣን ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ነው ይባላችኋል። የቦርዱን ሙሉ የሞዴል ስም በፎቶ አስልኩና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የራም ዝርዝሩን እዩ። ያገለገለ የኢንቴል ቦርድ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ፤ የተጣመመች አንዲት ፒን አንዱን የራም ስሎት ልትገድል ትችላለች። ከቢሮ ኮምፒውተሮች የተፈታ የዴል ወይም የኤችፒ ቦርድ በርካሽ ቢቀርብም ተዉት። አብዛኞቹ የፓወር ሰፕላይ መሰኪያቸው የራሳቸው ነው፣ ኤክስኤምፒም የላቸውም። ሚኒ አይቲኤክስ፣ 17 በ17 ሴንቲ ሜትሩ፣ ቦታ በጣም ካልጠበባችሁ በቀር ለዚህ በጀት አይሆንም፤ ከማይክሮ ኤቲኤክሱ ያነሰ ሆኖ ዋጋው ይበልጣል።